«በቃኝ» ስለሚለው ቃል

ሰው ሥጋ ለባሽ እንደ መሆኑ መጠን ሳይበላና ሳይጠጣ ሊኖር እንደማይችል የማያውቅ የለም። እንስሳም እንዲሁ ይበላል፤ ይጠጣል። ዳሩ ግን እንስሳ ብዙ ጊዜ ለግልገሉ ካልሆነ በቀር ሌላውን ጠርቶ አያበላም። ሰው ግን ማዕድ ይዘረጋል፤ እንግዳ ይጠራል፤ ቈርሶ ያጐርሳል፤ ቀድቶ ያጠጣል። ስለዚህ የሰው መብል ከሆድ ነገርነቱ አልፎ የፍቅርና የክብር፥ የዕርቅና የወዳጅነት ነገር ሆኖ ይኖራል። በአገራችን በኢትዮጵያም ይህ ልማድ እጅግ የጸና ነው። በአንድ መሶብ ዙሪያ ተሰብስቦ መብላት፥ ሲበሉ የደረሰውን ሰው «እንብላ» ማለት፥ እንግዳው እጁን ሲሰበስብ «በሞቴ» ብሎ ማጕረስ፥ ይህ ሁሉ ከልጅነታችን ጀምሮ ያየነውና የተማርነው የቤታችን ሥርዓት ነው።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንወደው ጥያቄ ከዚሁ ከመሶቡ ዙሪያ የተገኘ ነው። አንድ ሰው ወዳጁን ወደ ማዕዱ ጠርቶ፥ ወዳጁም በልቶ «በቃኝ» ካለ በኋላ፥ ባለቤቱ እንደ ገና እንዲበላና እንዲጠጣ ግድ ቢለው፥ ይህ ሥራ ፍቅር ነውን? ወይስ ፍቅር የሚመስል ሌላ ነገር ነው? ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል፥ ምናልባትም የሚያሥቅ ይመስላል። ነገር ግን የስኳር በሽታ፥ የደም ብዛትና የልብ ሕመም በከተሞቻችን በየሰፈሩ የሚሰማ ስም ከሆነ ወዲህ፥ ቀልድ መሆኑ ቀርቶ የጤናና የሕይወት ጥያቄ ሆኖአል።

አስቀድመን ለልማዱ የሚገባውን ምስክርነት እንስጥ። ይህን ሥርዓት ያቆሙት አባቶቻችንና እናቶቻችን ያለ ምክንያት አላቆሙትም። አገራችን ራብን በዓይኗ ያየች አገር ናት። በ1965ና በ1966 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ፥ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜኑ ክፍልና በሌላውም አገር በሰፊው የደረሰው ራብ ስንቱን ቤት ባዶ እንዳስቀረ የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። ራብ በሚመላለስበት አገር የሰው ገላ ወፍሮ መታየቱ የጤናና የበረከት፥ መክሳቱም የሕመምና የችግር ምልክት ሆኖ መቈጠሩ አያስገርምም። ከዚህም የተነሣ ብዙ ጊዜ ያልተያዩ ወዳጆች ሲገናኙ «ወፈርህ፤ አማረብህ» መባባል እንደ ምርቃት ነው፤ «ምነው ከሳህ?» ማለትም እንደ ኀዘን ነው።

ደግሞስ ያ የጥንቱ እንግዳ ከየት መጥቶ ነበር? ዳገቱን ወጥቶ ቍልቍለቱን ወርዶ፥ ከሩቅ አገር በእግሩ ተጕዞ ነበር። ባለቤቱም ቢሆን ከንጋት እስከ ማታ ሲያርስ፥ ሲያጭድ፥ ሲወቃ የዋለ ነው። ባለቤቲቱም ውሃ ስትቀዳ፥ እንጨት ስትለቅም፥ እህል ስትፈጭ ውላለች። ሥጋው በዓመት በዓል ይታረዳል፤ በመካከሉም ጾም አለ። እንዲህ ያለውን ሰው «በሞቴ፥ ይህችን ጨምር» ማለት ለነገው ጕዞ ስንቅ መስጠት ነበር። ስለዚህ በዚያ ኑሮ ግዴታው መልካም ፍቅር ነበር ብንል አንሳሳትም።

አሁን ግን የከተማው ኑሮ ተለውጦአል። የመሥሪያ ቤቱ ሰው በመኪና ሄዶ ቀኑን ሙሉ በወንበር ላይ ይውላል፤ በመኪና ይመለሳል፤ ማታም ተቀምጦ ያመሻል። እህሉ በሞተር ወፍጮ ይፈጫል፤ ውሃውም በቧንቧ ይመጣል። ይህ መልካም ነው፤ ወደ ድንጋይ ወፍጮ እንመለስ የሚል ማንም የለም። ነገር ግን የእጅና የእግር ሥራው ሲቀነስ መብሉ አብሮ አልተቀነሰም፤ እንዲያውም ጨመረ። ቀድሞ በብዙ አገር ቡና በጨው ይጠጣ ነበር። በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራውን ከጀመረ ወዲህ ግን ስኳር የብዙ ቤት ዕቃ እየሆነ ሄደ። ዛሬ የለስላሳ ጠርሙስ የማይደረደርበት የከተማ ግብዣ ማግኘት ያስቸግራል፤ በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳና ብስኩትም በየመንገዱ ዳር ይሸጣል።

ነገሩን በቍጥር እንመልከተው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ይመዝናል። አንድ ሰው አቦሉን፥ ቶናውንና በረካውን በየስኒው ሁለት ሁለት ማንኪያ እያደረገ ቢጠጣ 6 ማንኪያ፥ ይኸውም 24 ግራም ስኳር ወሰደ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ምክር፥ በመብልና በመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር፥ ማርም ጭምር፥ ከዕለቱ ምግብ ኀይል ከመቶ 10 እጅ እንዳያልፍ፥ ቢቻል ከ5 እጅ በታች እንዲሆን አሳስቦአል። በቀን 2000 ካሎሪ ለሚበቃው ሰው ከመቶ 5 እጅ ማለት 25 ግራም ያህል ነው። እንግዲህ የአንድ ጊዜ ቡና ብቻ ያንን ልክ ሊሞላው ደረሰ። በየቀኑ ከሆነም በዓመት ወደ 9 ኪሎ ስኳር ይጠጋል። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ቢታከልበት ደግሞ 30 ግራም ያህል ወይም ከዚያ የሚበልጥ ስኳር በአንድ ጊዜ ይጨመራል። ይህን ሰው «ጣፋጭ ትበላለህን?» ብለን ብንጠይቀው «እኔ ጣፋጭ አልወድም» ሊለን ይችላል፤ አይዋሽምም፤ ስኳሩ የቡና ስም ይዞ ገብቶበታልና።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ሰው ሲወፍርና ሲታመም ጥፋቱን በታላቁ ድግስ ላይ ያደርጋል፤ በፋሲካ በበላው ዶሮ ወጥ፥ በመስከረም በቈረጠው ጮማ ያሳብባል። ዳሩ ግን ገላን የሚሠራው ማንም ሳያስተውለው በየቀኑ የሚገባው ጥቂት ነገር ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው፤ በየወጡ ላይ ሳይለካ ሲፈስስ ማንም አይቈጥረውም። ከአንድ ግራም ስኳር 4 ካሎሪ፥ ከአንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ፥ ከአንድ ግራም አልኮል 7 ካሎሪ ይገኛል። ስለዚህ የማታውን ጠጅና ቢራ «ውሃ ነው» ብሎ ከመብል ቍጥር የሚያወጣው ሰው ራሱን ያታልላል።

ይህ የተረፈው ነገር በገላችን ውስጥ ምን ይሆናል? የበላነው እንጀራና የጠጣነው ስኳር ደቅቆ ወደ ደም ሲገባ፥ ከጨጓራ በስተኋላ ያለው ቆሽት የሚባለው ብልት ኢንሱሊን የተባለውን ቅመም ያፈልቃል። ኢንሱሊንም በር ከፋች ሆኖ ስኳሩ ከደም ወደ ጡንቻና ወደ ሌሎች ብልቶች እንዲገባ ያደርጋል። ለሥራ ያልዋለው ትርፍ ስብ ሆኖ ይከማቻል። ስቡ በሆድ ውስጥና በጉበት ላይ በበዛ ጊዜ ጡንቻውና ጉበቱ የኢንሱሊንን ትእዛዝ እንደ ቀድሞው አይሰሙም፤ ቆሽቱም አብዝቶ እያፈለቀ ይደክማል። ከዚያ በኋላ ስኳሩ በደም ውስጥ ይቀራል። ለብዙ ዘመን ሲቈይም የዓይንን፥ የኵላሊትንና የልብን የደም ሥሮች፥ የእግርንም ነርቮች ይጐዳል። ሕመሙ ሲጀምር ብዙ ጊዜ ስለማያሳምም ሰውየው ሳያውቀው ዓመታት ያልፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1921 በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ኢንሱሊንን ካገኙ ወዲህ የብዙ ሰው ሕይወት ድኖአል። ነገር ግን መድኃኒት ተገኝቶአልና ልክ አያስፈልግም ማለት፥ ሐኪም አለና ከገደል ብወድቅ ምን ገዶኝ እንደ ማለት ነው።

ፈጣሪ ለሥጋችን የራሱን የ«በቃኝ» ደወል ሰጥቶታል። ምግብ ሲገባ ከሆድና ከአንጀት የሚነሣ መልእክት በደምና በነርቭ ወደ አንጐል ይሄዳል፤ ይህም እስኪደርስ 20 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ፈጥኖ የሚበላ ሰው ደወሉ ሳይደወል ከልኩ ያልፋል። ጣፋጭ መጠጥም እንደ እህል ስለማያጠግብ ደወሉን ሳይነካ ያልፋል። ቀስ ብሎ የሚበላ ሰው ግን ደወሉን ይሰማል፤ እጁንም ይሰበስባል። በዚህ ጊዜ ነው ጕርሻው የሚመጣው። ሥጋ «በቃኝ» ብሎ በተናገረበት ሰዓት ፍቅር «አልበቃህም» ብሎ ይመልስለታል።

እስቲ በአሳባችን ወደ አንድ ሠርግ ቤት እንግባ። ከተጋባዦቹ አንዱ የስኳር በሽታ እንዳለበት ካወቀ ገና ሦስት ወር አልሞላውም። ሐኪሙ ስለ መብሉና ስለ መጠጡ ነግሮታል፤ እርሱም ሊጠነቀቅ ቈርጦ መጥቶአል። ጥቂት ይበላና እጁን ይሰበስባል። አጠገቡ የተቀመጡት ሽማግሌ ዘመዱ ጠቅልለው «በሞቴ» ይሉታል። «በቃኝ አባባ፥ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይላቸዋል። «ምነው? ተቀይመኸናል እንዴ?» ይሉታል። ሕመሙን ተናግሮ እንዳይገላገል ያፍራል፤ በሽተኛ ነው የሚል ወሬ እንዳይከተለው ይፈራል። እምቢ ብሎ እንዳይጸና የሽማግሌውን ፊት ያያል። በመጨረሻ አፉን ይከፍታል። አንድ ጕርሻ ያጣላል ይባላልና ሁለተኛው ይከተላል፤ ጠጁም ይቀዳል። ደጋሹ «ደስ ብሎት በላ» ብሎ ይደሰታል። እርግጥ ነው፥ አንድ ግብዣ ብቻውን ሰውን አያጠፋም። ዳሩ ግን ከሠርጉ ቀጥሎ ክርስትና፥ ከክርስትናው ቀጥሎ ማኅበር፥ ከማኅበሩም ቀጥሎ ተዝካር አለ። በሁሉም ቤት የሚወዱት ሰዎች አሉ፤ በሁሉም ቤት አፉን ይከፍታል።

በዚህ ነገር ማን በደለ? ሽማግሌው ክፉ አላሰቡም። ሰውየውም ሆዳም አይደለም። ነገር ግን የሽማግሌውን አሳብ ረጋ ብለን ብንከፍለው በውስጡ ሁለት ነገር እናገኛለን። አንደኛው ለወዳጅ መልካም መመኘት ነው። ሁለተኛው «ከቤታቸው ሳይጠግብ ወጣ» እንዳይባል ለራስ ስም መጠንቀቅ ነው። እንግዳው እስኪጠግብ ድረስ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ፤ ማንም ሊለያቸው አይችልም። «በቃኝ» ካለ በኋላ ግን መንገዳቸው ይለያያል። የወዳጁን መልካም የሚፈልገው ፍቅር እጁን ይሰበስባል፤ ስሙን የሚጠብቀው ግን «በሞቴ» ይላል። እንዴት ያለ መሐላ ነው! ባለቤቱ በራሱ ሞት ይምላል፤ ሕመሙ ግን የእንግዳው ይሆናል።

ምናልባት አንድ አስተዋይ አንባቢ እዚህ ላይ ያቆመን ይሆናል። «እናንተ የአገራችሁን ሰው አታውቁትምን? በእኛ ዘንድ የመጀመሪያው በቃኝ የትሕትና እንጂ የጥጋብ ቃል አይደለም። እንግዳ ተርቦም ቢሆን በይሉኝታ በቃኝ ይላል። ባለቤቱ ቃሉን አምኖ ቢተወው እንግዳው ጦሙን ያድራል» ይለናል። ይህ ክርክር እውነት ነው፤ የነገሩም ቋጠሮ ያለው ከዚህ ላይ ነው። «በቃኝ» የሚለው ቃል በማዕዳችን ላይ እውነተኛ ፍቺውን አጥቶአል። የተራበውም የጠገበውም የታመመውም በአንድ ቃል ይናገራሉ። ባለቤቱ ማንን እንደሚያምን አያውቅም፤ ስላላወቀም ሁሉን ያስገድዳል። እንግዳውም እንደሚገደድ ስለሚያውቅ አስቀድሞ በቃኝ ይላል። እንዲህ እየተባለ ትሕትና ማስገደድን፥ ማስገደድም ሐሰተኛ ትሕትናን ይወልዳል። በመካከሉም በእውነት በቃኝ ያለው ሰው የሚሰማው አጥቶ ይጐዳል።

ስለዚህ ነገር በሌላ አገር የደረሰ አንድ ታሪክ እናንሣ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ16ኛው መቶ ዓመት በኢጣልያ ሉዊጂ ኮርናሮ የሚባል የቬኒስ ባለጸጋ ነበር። በወጣትነቱ በመብልና በመጠጥ ስለ ባከነ ጤናው ጠፋ፤ ሐኪሞችም ልክ ካልያዘ ሞቱ ቅርብ መሆኑን ነገሩት። እርሱም ቈርጦ በቀን 12 አውንስ ምግብና 14 አውንስ ወይን ብቻ እየወሰደ ዳነ። 78 ዓመት በሆነው ጊዜ ግን ዘመዶቹና ወዳጆቹ «ለሽማግሌ ይህ አይበቃም» ብለው ግድ አሉት። ስለ እነርሱ ብሎ ምግቡን ወደ 14፥ ወይኑንም ወደ 16 አውንስ ከፍ አደረገው። ጥቂት ቀን ሳይቈይ ደስታው ጠፍቶ ብስጩ ሆነ፤ ጐኑንም ጽኑ ሕመም ያዘው፤ 35 ቀን ትኵሳት ተከተለው። ወደ ቀድሞው ልኩ ተመልሶ ዳንሁ ብሎ በ1558 ባሳተመው መጽሐፍ ራሱ ጽፎአል፤ ከ80 ዓመት በላይም ኖሮ በ1566 ዐረፈ። ሕመሙን ያመጣው ያ ጥቂት ጭማሪ ብቻ ነው ብሎ ለመፍረድ የዛሬ ሐኪም ይቸገር ይሆናል፤ የእርሱም ልክ ለሰው ሁሉ ልክ ሊሆን አይችልም። እኛ ከታሪኩ የምንወስደው ግን ሌላ ነገር ነው። ያ ሽማግሌ ልኩን ከ30 ዓመት በላይ ጠብቆ ሲኖር ከጠላቶቹ ይልቅ ያሸነፉት የሚወዱት ሰዎች ናቸው።

ከዚህ ጋራ አንባቢዎቻችን የሚያውቁትን የትንቢተ ዳንኤልን ታሪክ እናስተያይ። ዳንኤልና ሦስቱ ባልንጀሮቹ በባቢሎን ቤተ መንግሥት ሳሉ የንጉሡን መብልና ወይን ትተው ጥራጥሬና ውሃ እንዲሰጣቸው በለመኑ ጊዜ፥ ሹሙ ከስተው እንዳይታዩና ንጉሡ እንዳይቈጣ ፈርቶ ነበር። ፍርሀቱ የእኛ ደጋሾች ፍርሀት ነው። ስለ ዳንኤል ትዕግሥት ብዙ ተሰብኮአል፤ ይገባልም። ነገር ግን ማዕዱን በእጁ የያዘው መጋቢም ሊመሰገን የሚገባው ሰው ነው። እየፈራ ቃላቸውን አመነ፤ ለ10 ቀን ፈተናም ፈቀደላቸው። እርሱ ባይሰማቸው ኖሮ የዳንኤል ትዕግሥት እንዴት በተፈተነ ነበር! ልክን መጠበቅ የሚበላው ሰው ምግባር ብቻ ሳይሆን የሚያበላውም ሰው ምግባር መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

አንዳንድ ሰዎች ግን በዚህ አሳብ ላይ ተቃውሞ ያነሣሉ። አንደኛው «አገሪቱ ገና ከራብ ሳትወጣ ስለ ውፍረት መጻፍ የጠገበ ሰው ወሬ ነው» ይላል። የተራበ ሰው ባለበት አገር የጠገበውን ሰው በቃኝ ማሰኘት ራብተኛውን የሚጐዳ አይደለም። ከዚህም በላይ ሁለቱ ችግሮች ዛሬ በአንድ ከተማ፥ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ቤት ይኖራሉ። ስኳርና የጥብስ ዘይት በትንሽ ገንዘብ ሆድን ሲሞሉ፥ አትክልትና ፍራፍሬ ግን ከድኻው እጅ ይርቃሉ። ስለዚህ የስኳር በሽታ የባለጸጋ በሽታ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ድኻውን ሲይዘው ደግሞ መድኃኒቱን የሚገዛበት ስለሌለው ጉዳቱ ይከፋል።

ሁለተኛው «የሰው ቀኑ የተቈረጠ ነው፤ ቢበላም ባይበላም ከቀኑ አያልፍም» ይላል። ቀኑ የተቈረጠ ቢሆንም ባይሆንም፥ እስከዚያ ቀን ድረስ በምን ዓይነት ገላ እንደሚኖር ግን ብዙ ጊዜ የእለት ሥራው ይነካዋል። ዓይኑ ጠፍቶ በሰው እጅ የሚመራ፥ ኵላሊቱ ደክሞ በየሳምንቱ ደሙ በመኪና የሚታጠብ ሰው ከነቤተ ሰቡ ይታመማል። የልጆቹ ትምህርት ቤት ገንዘብ ወደ መድኃኒት ቤት ይሄዳል። እንግዲህ «ሞት ለማይቀር» የሚለው ሰው ስለ ራሱ ብቻ የተናገረ ይመስለዋል፤ ዋጋውን የሚከፍሉት ግን ሌሎች ናቸው።

ሦስተኛው «ሚዛን ይዛችሁ የማዕዳችንን ደስታ ልታጠፉ ነውን?» ይላል። አይደለም። በዚያው በኢጣልያ በፓዱዋ ሳንቶሪዮ የሚባል ሐኪም በሚዛን ላይ የተንጠለጠለ ወንበር ሠርቶ ለብዙ ዓመት መብሉንና ገላውን ሲመዝን ኖረ፤ እ.ኤ.አ. በ1614ም ስለዚሁ መጽሐፍ አሳተመ። ለዕውቀት ጠቅሞአል፤ ነገር ግን በሚዛን ላይ ተቀምጠን እንብላ የሚል የለም። መሶባችን የሚያስመሰግን ብዙ ነገር አለው። ጤፍ ብረትና ሆድን የሚያቆይ አሠር ያለው እህል ነው፤ ሽሮና ምስር፥ ጎመንና ክክ ሐኪም የሚመክረው መብል ነው። ደስታውን የሚያጠፋው ልክ መያዝ ሳይሆን ሳይወዱ መብላት ነው።

ደግሞ ይህን ትምህርት የሰማ ሰው ወፍራሙን አይቶ «ይህ ሆዳም ነው» ብሎ እንዳይፈርድ እናሳስባለን። የሰው ገላ ክብደት ከምግባሩ ብቻ የሚመጣ አይደለም። ከወላጅ የሚወረስ አለ፤ ከሕመምና ከመድኃኒት የሚመጣ አለ፤ ከሥራ ዓይነትም የሚመጣ አለ። ቀጭን ሆኖም የስኳር በሽታ የሚይዘው ሰው ብዙ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፥ እ.ኤ.አ. በ1944ና በ1945 መካከል በነበሩት የብርድ ወራት በሆላንድ አገር ታላቅ ራብ ሆኖ ነበር። በዚያን ጊዜ በማሕፀን የነበሩት ልጆች ጕልማሶች ከሆኑ በኋላ ሲመረመሩ፥ ገላቸው ስኳርን የማስተናገድ ኀይሉ ከሌሎች ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ሳይወለድ የተራበ ገላ ኋላ ሲጠግብ ይቸገራል ማለት ነው። ይህ ነገር ራብ ለተመላለሰባት አገራችን ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው። የራበን ዘመን ልጆች አድገው ዛሬ ማዕድ ላይ ተቀምጠዋል፤ በፍቅር የምናስጨንቃቸውም ምናልባት ከሁሉ ይልቅ መጠንቀቅ የሚያስፈልጋቸውን ሰዎች ይሆናል።

ስለ ጾምም ጥቂት እንበል። ጾም ለነፍስ ጥቅም የተሠራ እንጂ ለክብደት መቀነሻ የተሠራ አይደለም፤ እንዲህ የሚያደርገው ሰው ዓላማውን ስቶአል። ነገር ግን ረቡዕና ዓርብ፥ የዐቢይ ጾምም 55 ቀን፥ ሰው ለራሱ በቃኝ ማለትን የሚማርባቸው ቀኖች ናቸው። ከሥጋና ከቅቤ ተከልክሎ በዘይት የራሰ ጥብስና ስኳር የበዛበት ሻይ ሲያበዛ የሚውል ሰው ደንቡን ጠበቀ፤ ትምህርቱን ግን አልተማረም። ለፋሲካ ሌሊት የሁለት ወሩን ዕዳ ባንድ ጊዜ ሊከፍል የሚነሣውም እንዲሁ ነው። በሌላ ወገን ደግሞ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሳያማክር ረጅም ሰዓት ቢጾም ስኳሩ ከልክ በታች ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላልና፥ ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋራ መምከር ይገባዋል። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ሸክሙን ስታቀልል ኖራለችና ይህ ድፍረት አይደለም።

የንስሐ አባትን ካነሣን ዘንድ፥ በዚህ ልማድ ከሁሉ አብልጠው የሚቸገሩት ካህናት አባቶቻችን መሆናቸውን መዘንጋት አይገባም። በዓመት በዓል ቀን አንድ ካህን ስንት የንስሐ ልጅ ቤት ይገባሉ? በእያንዳንዱም ቤት «አባታችን በሞቴ፥ ይህችን ብቻ ይቅመሱልኝ» ይባላሉ። ካልቀመሱ ቤቱ ሳይባረክ የቀረ ይመስላል። ነገር ግን ይህ ችግር ወደ በጎ ሊመለስ ይችላል። ካህኑ በማዕዱ ላይ ተቀምጠው ከባረኩ በኋላ፥ ጥቂት ቀምሰው በደስታ ፊት «በቃኝ ልጄ፤ በረከቱ ደርሶናል» ቢሉና ቢጸኑ፥ በዚያ ቤት ያለው የታመመ ሰው ሁሉ ቃል ያገኛል። እርሳቸው ያከበሩትን ቃል ሌላው ሊንቀው አይችልምና።

እንግዲህ ወደ ጥያቄአችን እንመለስ። ከበቃኝ በኋላ ማስገደድ ፍቅር ነውን? መልሳችን ይህ ነው፤ አንድ ጊዜ መድገም ፍቅር ነው፤ ዓይን አፋሩን ከራብ ያድነዋልና። ሁለተኛውን «በቃኝ» ከሰሙ በኋላ ማስገደድ ግን ወዳጅን አለማመን ነው። እንግዳውም በበኩሉ ዕዳ አለበት። ከራበው «እሺ» ይበል፤ ሲጠግብ ብቻ «በቃኝ» ይበል፤ ከታመመም «ሐኪም ከልክሎኛል» ለማለት አይፈር። የደም ብዛት ወይም የስኳር በሽታ መኖሩ እንደ ሌላው ሕመም ሕመም ነው እንጂ ነውር አይደለም። ባለቤቲቱም ስኳሩን በቡናው ውስጥ አድርጋ ከመስጠት ይልቅ ለብቻው ብታቀርበው፥ ከለስላሳው ጐን ንጹሕ ውሃ ብታኖር፥ ከሥጋው ጐን ጎመንና ሰላጣ ብትጨምር፥ ጨውና ዘይቱን ብታሳንስ፥ እንግዳዋ ሳያፍር ልኩን ይመርጣል። ይህ ከድግሱ ክብር ምንም አይቀንስም፤ ወጪውንም አያበዛም።

ልጆቻችንም ይህን ከእኛ ይማራሉ። ሕፃን ልጅ ጠግቦ አፉን ሲመልስ «ይህችን ብቻ፥ ለእማዬ» እያልን ስንጨምርበት፥ ገላው የነገረውን እንዳይሰማ እናስተምረዋለን። ሃያና ሠላሳ ዓመት ከቈየ በኋላ ሐኪም ያንኑ ሰው «ልክህን እወቅ» ሲለው፥ በልጅነቱ ያስጣልነውን ቃል እንደ አዲስ ቋንቋ ሊማር ይቸገራል።

በቋንቋችን አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። በጾምና በጸሎት ኖሮ ለቅድስና ማዕረግ የደረሰውን ሰው «የበቃ አባት» እንለዋለን። በማዕድ ላይ «በቃኝ» ስንልም የምንናገረው ያንኑ ግስ ነው። አባቶች ይህን ቃል ለሁለቱ ሲሰጡት ማለት የወደዱትን እኛ አንወስንም። ነገር ግን በቃኝ ለማለት ያልቻለ ሰው እንዴት ሊበቃ ይችላል? ባልንጀራውንም በቃኝ እንዳይል የሚከለክለው ሰው ከምን እንደሚከለክለው ያስብ። ይህ ቃል በመሶባችን ዙሪያ እንደ ገና እውነተኛ ይሁን፤ የሚናገረውም አይዋሽ፤ የሚሰማውም ይመን። ያን ጊዜ ማዕዳችን ፍቅሩን ሳያጐድል ልኩን ያገኛል።